ማራቶኑ ዴም ሰፈር ገባ

ጦርነቱ ሳይበትነን በፊት ነው። ያኔ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ልብስ እሰፋ ነበር። ያ ጠዋት ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

ሱዳናውያን ጎረቤቶቼ፣ «ሐበሻ ሆነህ እንዴት ትቀራለህ?» ብለው ለከተማው ማራቶን አስመዘገቡኝ። እኔ እንኳን ማራቶን፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል እንኳ ሮጬ አላውቅም።

መነሻው ላይ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። አንድ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ሐበሻ፣ እኔ ከገጠር ነው የመጣሁት፤ መንገዱን አላውቀውም። አንተን ነው የምከተለው» አሉኝ።

«ኢንሻላህ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

በየበሩ የቆሙ ሴቶች እልል እያሉ ውኃ ይረጩናል፤ ራክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሕፃናት «ያላ ሐበሻ!» ይላሉ። ደስ ሲል! በዚያ ደስታ ካቅሜ በላይ ሮጥኩና ጎኔን ውጋት ያዘኝ። ፀሐዩም ከረረ። ወደ ሰፈሬ የሚያስገባውን ቅያስ ሳይ፣ ቀስ ብዬ ልጥፋ ብዬ ታጠፍኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሽማግሌው እየሮጡ ነው፤ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ደረታቸው ላይ ቁጥር የለጠፉ ሰዎች ቅያሱን ሞልተውታል። «ተሳስታችኋል» እንዳልል ትንፋሽ አጠረኝ፤ መቆምም አሳፈረኝ። ቅያሱ ዳር በተቀመጡት ሻይ ሻጮች መሃል ሮጬ ቤቴ ደረስኩና በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ሽማግሌው ደርሰው አቀፉኝ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጨረስን!» አሉ። «ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሁ?»

«ሁለተኛ» አልኳቸው።