ባትሪው ይመለስ የተባለው መኪናዬ

ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁና ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በቤቴ የሰው ድምፅ የምሰማው ከሬዲዮ ብቻ ሆኖ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የነዳጅ ወረፋ አስመርሮኝ አይደለም፤ ሰው ልጭንበት ነው። እሁድ እሁድ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ለአምልኮ ስወርድ የሰፈሬ ሴቶች ይሳፈራሉ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ የሰባኪውን ከረባት፣ የሙዝ ዋጋ፣ የምራቶቻቸውን ስንፍና ያነሳሉ። እኔ እየሰማሁ እነዳለሁ። ሳምንቱን የሚያቆየኝ ያ ወሬ ነበር።

አንድ ቀን መኪናውን ያስመጣልኝ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደወለ። በተሠራበት አገር ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ እንዲመለስ ታዟል አለኝ። እስከ መጨረሻው እንዳልሞላው፣ ቻርጅ ላይ ትቼው እንዳልተኛ፣ ከቤት አርቄ እንዳቆመው መከረኝ። ማን ይቀይርልኛል ስለው ሳል ጀመረው። ሲሸጥልኝ ምላሱ ማር ነበር። ለካ ፋብሪካው በነፃ የሚቀይረው በወኪሉ በኩል ለገዙት ብቻ ነው። በራሴ ላስቀይር ብል የባትሪው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ የጡረታ ብር ደግሞ ይታወቃል። ልሽጠው እንዳልል ገዢውም የሰው ልጅ ነው።

በጋሞ የሚያውቁትን ክፉ ነገር ከሰው መደበቅ ጎሜ ነው፤ ጥፋቱ ዞሮ የደበቀውን ቤት ያንኳኳል ትል ነበር እናቴ። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ጎሜ አንፈራም እንላለን። እንላለን እንጂ። በሴቶች ኅብረት ላይ ተነሥቼ ባትሪዬን የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኩት። ሁሉም ወጥተው መኪናውን ከበቡና ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነው ለማለት አፈርኩ። አሜን ካሉ በኋላ ባጃጅ ጠሩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና አልፈርድባቸውም። ግን ከፋኝ። በሚቀጥለው እሁድ አንዷ ከልጇ ጋር ሄደች፤ ሌላዋ ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል አለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚያዝ ሐኪም ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የቀረችልኝ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የጫኖ ሙዝ እየቸረቸረች ልጆቿን ያሳደገች፣ ከሁላችን ታላቅ የሆነች ጎረቤቴ። እንደ ልማዷ ነጠላዋን ለብሳ በሯ ላይ ጠበቀችኝና ገባች። አልሰማሽም እንዴ ብላት ሰምቻለሁ አለች።

"ብቻሽን ከምትቃጠዪ" አለችና መስኮቱን ከፈተች።

ደስታዬን አልደብቅም። ግን ቁልቁለቱን ስንጀምር ዓይኔ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ከታመመ ቆይቷል፤ መኪና ውስጥ ለመግባት እንኳ እጅ መያዝ ያስፈልጋታል። እሳት ቢነሳ እኔ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ እሷስ? ለራሴ ያን ያህል አልሳሳም። ለእሷ ግን ሳሳሁ። አትምጪ ብላት እንደማትሰማኝ፣ ከቆምኩም እንደምትገባ አውቃለሁ።

በቀጣዩ እሁድ በሯ ላይ ቆማ እጇን አነሳችልኝ። ሳልቆም አለፍኩ። በመስታወቱ ሳያት እጇን ገና አላወረደችም ነበር።

ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ያዘችኝ። በባጃጅ ነበር የመጣችው። በምን እንዳስቀየመችኝ ጠየቀችኝ። በአንቺ አይደለም፣ በባትሪው ነው ብዬ ስለ ጉልበቷም ስለ እሳቱም አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እህቴ፣ እኔ መች ስለ ባትሪው ጠየቅኩሽ?" አለች። "ሳትቆሚ ያለፍሽው እኔን ነው።"

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ በሯ ዝግ ነው። እዚያ ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ባትሪው እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም።