የባሕር በረዶና የአባቴ ገብስ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። በእኛ አገር በረዶ ገብስ መታ ቢባል ማንም አይደነቅም፤ በየዓመቱ የአንዱን ወይም የሌላውን ማሳ ይመታል። የአባቴን ገብስ ያጠፋው ግን በረዶው ብቻውን አይደለም። እኔም አለሁበት። ስለዚህ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልጽፈው እሞክራለሁ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ደብረ ብርሃን እንደገባሁ አንድ መምህራችን ለምርምራቸው የሚያግዛቸው ተማሪ ፈለጉ። እጅ በማውጣት የቀደመኝ አልነበረም። ሥራው ውቅያኖስን ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ነው። ባሕሩ ልክ እንደ እርሻ በድንበር ተከፋፍሎ ብዙ ትንንሽ ሳጥን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሙቀቱ፣ የጨዉ መጠንና በላዩ የተኛው በረዶ ውፍረት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አንዱ ሳጥን ለጎረቤቱ ምን ያህል ሙቀትና ውሃ እንደሚያቀብል ሰዓት በሰዓት እያሰላ ወደፊት ይሄዳል። ይህን ሞዴል ይሉታል። የእኔ ድርሻ ሞዴሉ ያወጣውን የበረዶ ካርታ ከሳተላይቱ ካርታ ጎን አስቀምጬ የተለያዩበትን ቦታ ማስመር ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም የሰሜን ዋልታውን ባሕር ዳርቻ ከሰፈራችን ገደል እኩል ለመድሁት። መምህሩ የሚደክሙት የዚያ በረዶ መቅለጥ ከእኛ ዝናብ ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ለማወቅ ነው። በካርታው ላይ ግን የብስ ሁሉ ባዶ ነጭ ነው፤ አገራችን አንኮበርም ባዶ ነው።

አባቴ ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የበልግ ገብስ ያርስ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። ያለን አንድ ማሳ ነው፤ የዓመቱ ቀለብም የሚቀጥለው ዘርም የሚወጣው ከዚያ ነው። የበልግ ገብስ የሚደርሰው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ አጨዳው ሁልጊዜ ከበረዶ ጋር እሽቅድምድም ነው። ማሳው ከጠፋ ዘር የለም፤ ዘር ከሌለ ደግሞ አባቴ በዚያ ዕድሜው አገሩ ላይ የሚቆይበት መንገድ የለም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደወለልኝ። ኔትወርክ ለማግኘት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር መውጣት አለበት፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል።

«እሺ የኔ እናት፣ ያ ኮምፒውተር ምን አለሽ?»

«ስለ ባሕር በረዶ ነው የምንሠራው፣ አባዬ።»

«አልሰማሁሽም። ስለ ምን?»

«ስለ በረዶ!»

«ስለ በረዶ? እና ምን ይላል?»

«በየዓመቱ እየቀነሰ ነው ይላል። መምህሬም ሥራዬን አይተው ጎበዝ አሉኝ።»

«ተመስገን!» ብሎ ጮኸ። «አንተዬ ሰማህ? በረዶው እየቀነሰ ነው ትላለች ልጄ!»

አጠገቡ ጎረቤታችን ነበር። «እሷ ናት የገሠጸችው?» እያለ ሲስቅ ተሰማኝ። «እንግዲያስ ቁንጫውንም ትገሥጽልን!»

አባቴ ተመስገን ሲል ነገሩ እንዳልገባው ገባኝ። መምህሬ በረዶው ቀነሰ ሲሉ ፊታቸው ይጠቁራል እንጂ ማንንም አያመሰግኑም። ላርመው አፌን ከፈትሁ። ግን አባቴ በእኔ ትምህርት እንዲህ ሲደሰት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። በማግሥቱ ፈተና ነበረኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ነገሩ ትንሽ መሰለኝ።

ሰኔ ላይ የሰፈሩ ሰው ወንፈል ገባ፤ ሁሉም ተባብሮ ተራ በተራ የአንዱን ማሳ ያጭዳል። የአባቴ ተራ ሁለተኛ ነበር፤ የዚያ ጎረቤታችን ደግሞ የመጨረሻ። ጎረቤታችን ብዙ ትንንሽ ልጆች አሉት። አባቴ «የእኔ ይቆይ፣ ዘር የሚሆነው በደንብ ይድረቅ። በረዶው እንደሆነ እየቀነሰ ነው» ብሎ ከእሱ ጋር ተራ ተለዋወጠ። ይህን የነገረኝ ራሱ ጎረቤታችን ነው፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። የእሱ ገብስ ተከምሮ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶው መጣ። ብዙም አልቆየም አሉ። ሲያባራ የአባቴ ማሳ በሬ ያበራየበት አውድማ መስሎ ነበር፤ ፍሬው ጭቃው ውስጥ ገብቷል።

ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ሄድሁ። አባቴ ከጭቃው የለቀመውን ገብስ ሸራ ላይ አስጥቶ የበቀለውን ካልበቀለው ሲለይ አገኘሁት። አብዛኛው በቅሏል። አጠገቡ ቁጭ አልሁ።

«አባዬ፣ እኔ ያልሁህ በረዶ ይኼ አልነበረም።»

«የቱ ነበር ታዲያ?»

ነገርሁት። ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ባሕሩ ራሱ ከብርድ የተነሳ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ነው አልሁት። እኛ ለሁለቱም ያለን ስም አንድ ነው አልሁት።

«ሰው ይሄድበታል?»

«አዎ፣ ይሄድበታል።»

«ይገርማል» አለ። እውነትም ገርሞት ነበር። አንድ የበቀለ ፍሬ ወደ ዳር አድርጎ፣ «ያን ዕለት ተመስገን ስል ሰምተሽኛል?» አለኝ።

«ሰምቼሃለሁ።»

መልቀሙን ቀጠለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ለሰፈሩ ሰው ምንም እንዳትናገሪ። ጆሮዬ ደክሞ አጣምሜ ሰማኋት ብያቸዋለሁ» አለኝ።

ይህን ያላቸው እኔ ሳልመጣ በፊት ነው። ያኔ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ፤ ስሜ እንዳይነሳ ብሎ ጥፋቱን በጆሮው ላይ አላከከ።

የተለቀመው ለዘር አልበቃም። ጎረቤታችን ከእኔ ውሰድ ብሎ ቢለምነው «አንተ ልጆች አሉህ» አለው። ማሳውን ለእሱው በእኩል እንዲያርሰው ሰጠና ሁለቱን በሬዎቹን ሸጠ። አሁን ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ስለ ምግቤ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ፈተናዬ ይጠይቀኛል፤ ስለ ኮምፒውተሩ ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳም።

አገሩን የለቀቀ ዕለት ቤቱን ሲቆልፍ አብሬው ነበርሁ። ቁልፉን ለጎረቤታችን ሰጠና ወደ ጎረቤላ ቁልቁል ሄድን፤ ሚኒባሱ ሲነሳ በማሳው በኩል ያለውን መስኮት ለእኔ ለቅቆ በሌላኛው በኩል ተቀመጠ። መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።