ያልተወጣው አምስተኛ ፎቅ

መረጃ ሰብሳቢዋ ሴትዮ ምርጫ በመጣ ቁጥር በየሰው ደጅ እየቆመች "ማንን ይመርጣሉ?" ስትል ኖራለች። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ከዳትና አምስተኛ ፎቅ መውጣት አቃታት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ የታች ፎቅ ነዋሪዎች ያሉትን እያየች የላዮቹን አስራ ሁለት ቅጽ በገዛ እጇ ሞላች። "ጎረቤት ከጎረቤት ምን ይለያያል?" ብላ ራሷን ሸነገለች።

ምርጫው ሲቆጠር የመሥሪያ ቤቷ ትንበያ ገደል ገባ፤ በሰፈሩ ያሸንፋል ያሉት ሰውዬ ተሸነፈ።

አለቃዋ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ጠረጴዛውን ደበደበ። "ሕዝቡ ነው የዋሸን! ቅጾቹንማ አይቻቸዋለሁ። ይኸው የእትዬን እዩት፤ የአምስተኛ ፎቁ አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እውነቱን ላውጣ ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ግን

"አዎ፣ የዘንድሮ ሰው አይታመንም" ብላ አረፈችው።