ለመምሬ ስትል የዳነች

መምሬ ወልደኢየሱስን ቁስቋም ሰፈር የማያውቃቸው ካለ እንግዳ ነው። ጣልያን በወጣ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ጠበል ያጠምቁ ነበር፤ ውኃ የምቀዳላቸው እኔ ነበርሁ። የሌሎቹ አጥማቂዎች ሥራ ያው ነው፤ በመስቀል የበሽተኛውን ግንባር ይደቁሳሉ፣ ውኃውን ፊቱ ላይ ይለቁበታል፣ ማን ነህ፣ ከየት ያዝኸው፣ መቼ ትለቃለህ እያሉ መንፈሱን ያፋጥጣሉ። መንፈሱ ለፍልፎ «ለቀቅሁ» ካላለ በሽተኛው ዳነ አይባልም። መምሬ ግን ቁጣ አይሆንላቸውም። መስቀሉን እንደያዙ ጨዋታ ይጀምራሉ።

የማክሰኝቷን ባንቺአየሁን ባሏ የሻው በበቅሎ ያመጣት ልጇን ከቀበረች ወዲህ ነው። አትናገር፣ አትበላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ብቻ። መምሬ ውኃውን ቀስ አድርገው አፈሰሱላትና አጠገቧ ቁጭ ብለው ስለ ገበያው፣ ስለ በጉ፣ ቅዳሴ ላይ ስለሚያንኮራፋው ዲያቆን ያወሩላት ጀመር። ማንኮራፋቱንም ከነፉጨቱ አሳዩዋት። አንድ ጠዋት ሳቀች። ከዚያ ወዲያ «አባቴ» ማለት ለመደች፤ ቁራሽም ከእጃቸው ትቀበል ነበር።

መንፈሱ ግን ወይ ፍንክች። ሌላው በሽተኛ ለፍልፎ ሲሄድ እሷ ዝም። አጥማቂዎቹም መቀለድ ያዙ፤ መምሬና ጋኔኑ አበልጅ ሆነዋል ተባለ። ይቺው ባንቺአየሁ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች።

በማግስቱ ጮኸች። «አቃጠልኸኝ፣ በቃኝ፣ ለቀቅሁ» አለችና ወደቀች። ወድቃ ሻሿን አስተካከለች። ጋኔን የጣለው ሰው ሻሹን ሲያስተካክል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እልልታው ቀለጠ፤ የሻው የመምሬን ጉልበት ስሞ ይዟት ሄደ።

የቀረውን የሻው ራሱ ነው ያወራኝ። መምሬ የሻሹ ነገር እንቅልፍ ነሥቷቸው ማክሰኝት ወረዱ። የሻው በር ላይ ያዛቸውና ሰው ከሌለ አሁንም ግድግዳዋን ነው የምታይ ብሎ አንሾካሾከላቸው። ባንቺአየሁ ግን ድምፃቸውን ስትሰማ ብድግ፣ ሳቅ፣ እግርዎን ልጠብ። ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል።

«ልጄ፣ አልተሻለሽም» አሏት።

«ኧረ ድኛለሁ አባቴ። ይህን ያህል ደክመውብኝ ምነው አልድን?»

ሌላ አጥማቂ ጋ፣ ከማታውቀው ሰው ዘንድ ብትሄድ እንደሚሻል ሊያስረዷት ሞከሩ። እዚያ ብትጮህም ባትጮህም ቅር ይለዋል ብላ የምትጨነቅለት ሰው የለም። ፊቷ ጠቆረ።

«ምነው አባቴ፣ ሰለቸሁዎት?»

መምሬ ተቆጥተው እውነቱን እንዳያስወጧት፣ የምታናግረው አንድ ሰው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውንም ልታጣ ነው። ዝም እንዳይሉ፣ እየሳቀችላቸው ልታልቅ ነው። መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። ያቀረበችውን ሽሮ ጎረሱ።

«ሸጋ ነው። በእውነት ድነሻል» አሏት።

ደስ ይበላቸው ብላ አብራቸው ጎረሰች። እሳቸው በሩን እስኪወጡ ግን ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንደተወተፈ ነበር።