ባለሦስት እግሩን ይዤ ከደሴ ስወጣ

ከደሴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው የወጣሁት። ከጣሊያን ሹሞች አንዱ፣ ጫካ የገቡትን ሰዎች ፎቶግራፍ ይዘህ ቅረብ ብሎኝ ነበር። እንደምታውቁት ፎቶግራፍ መጀመሪያ የሚቀረጸው መስታወት ላይ ነው። የሰዎቹን መልክ አሳልፌ ከምሰጥ ብዬ መስታወቶቹን ሰባበርኳቸው። ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር።

የቀረችኝን አንዲት መስታወት ለእናቴ አዋልኳት። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ላይ፣ ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አሰርኩና፣

"እማዬ፣ አምስት እስክቆጥር እንዳትንቀሳቀሺ" አልኳት።

"አብሽር፣ እኔስ አልነቃነቅም። የሚንቀጠቀጠው ያንተ እጅ ነው።"

"እጄ ቢንቀጠቀጥም ይሄ ይዞታል።"

"እንግዲያው ስታጥበው ለእኔም አንዷን ላክልኝ። በስተርጅና ምን እንደምመስል ልየው።"

ለማጠብ ጊዜ ስላልነበረ መስታወቷን እዚያው ካሜራው ውስጥ ይዣት ወጣሁ። የፈሩት ይደርሳል፤ ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ወታደሮች በጋቢ የጠቀለልኩትን ማቆሚያ ፈቱት። ጣሊያኑ መኮንናቸው ሦስቱን እግሮች ሲያይ "ሚትራሊያትሪቼ!" ብሎ ጮኸ።

አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው። "የመትረየስ እግር ነው ይላል" አለኝ።

"የፎቶ ማንሻ ነው ጌታዬ። መትረየስ ከሆነ መትረየሱ የት አለ?"

ተነጋገሩ። "እሱን አንተ ትነግረናለህ ይላል።"

ካሜራውን አውጥቼ ማቆሚያው ላይ አሰርኩና አሳየሁ። መኮንኑ ቆቡን አስተካክሎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

"እውነት ከሆነ አንሳኝ ይላል" አለ አስተርጓሚው።

መላ ነበረው። መስታወቷን ከብርሃን የሚጋርደውን መከለያ ሳልስብ ያነሳሁ መስዬ ብቆጥር ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን አንዱ ወታደር ጠብመንጃውን ከጀርባዬ ደግኗል፤ ላቤ ይወርዳል፤ አእምሮዬ ጠፍቶ እጄ ብቻ የለመደውን ሠራ። መከለያውን ሳብኩት። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ "አራት" ስል ነው።

መኮንኑ ደስ ብሎት አድራሻውን ጻፈልኝ። "ሲታጠብ ይላክልኝ ይላል" አለ አስተርጓሚው። አሳለፉኝ።

በባቲ አድርጌ አሰብ፣ ከአሰብ በጀልባ ዓደን ገባሁ። እዚህ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ የሚናፈቅ ነገር መሆኑን ማን አወቀ! ቁርሱም ዓሣ፣ እራቱም ዓሣ። አከራዬ ጠባቧን ክፍል አይቶ "ይሄ ባለሦስት እግር የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፤ ወይ እሱ ይተኛ ወይ አንተ" ይለኛል።

መስታወቷን ያጠብኳት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ አለች። መኮንኑም አለ፤ ቆቡ ግንባሯ ላይ፣ ጢሙ አፏ ላይ። ካሜራውን በእጄ ይዤ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው በተድበሰበሰ፣ እሷም ከሥሩ በታየች ነበር። ማቆሚያው አልተነቃነቀምና ሁለቱም ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የሷን ፊት ከሱ መለየት አልቻልኩም። አለቀስኩ።

ከደሴ ነጋዴ በመጣ ቁጥር እናቴ "ፎቶዬስ?" ብላ ትልክብኛለች። "ገና አልታጠበም" ብዬ እልካለሁ። ሰሞኑን ደግሞ "ዓይኔ እየፈዘዘ ነው፣ ማየት ሳልችል እንዳይደርሰኝ" ብላ ላከችብኝ።

ይህን የምታነቡ የቧንቧ ውሃ ሰዎች፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ለእሷ እንዳታነቡላት።