ስሙ የማይጠራው ምስክር

ቲርዛ አትዎል በሃምሳ ሦስት ዓመቷ አፈቀረች። ወሬው በፖርትላንድ ደሴት የተዛመተው በዳቦ ነው። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የዳቦ ቤቱን መኪና እየነዳች ለድንጋይ ቆራጮቹ ምሳ ስታደርስ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ የማታውቅ ሴት፣ በዚያ ሰሞን የአንዱን ለሌላው ታድል ጀመር።

«እትዬ ቲርዛ፣ ይኼ እኮ የልደት ኬክ ነው» አለ አንዱ ቆራጭ ጥቅሉን ፈትቶ።

«እንኳን ተወለድክ!» አለችና እየዘፈነች መኪናዋን አስነሳች።

ያፈቀረችው ጄቤዝ ኮርበን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ባሕሩን ተሻግሮ ካለው ከፐርቤክ የሆነ ድንጋይ ቆራጭ ነው። የተዋወቁት በጠብ ነበር። የደሴቱ ምእመናን በመርከብ ወደዚያ ለሽርሽር ሲሄዱ ቲርዛ የአገሬውን የጸሎት ቤት ግድግዳ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ፣ «ይኼ ድንጋይ አልበሰለም» አለች።

«ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ምን ጎደለው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የመርከቡ ፊሽካ እስኪነፋ ተከራከሩ። ክርክሩ ስላላለቀ ጄቤዝ እሁድ እሁድ እየተሻገረ ይቀጥለው ጀመር። በፋሲካ ሰሞን ላግባሽ አላት። እሺ አለች። የቀረው ኢኖስ ነበር።

ኢኖስ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ቋጥኝ ተንዶበት ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። እሱም ቆራጭ፣ ቃሉም እንደሚቆርጠው ድንጋይ የማይነቃነቅ። ደሴተኛ ለባዳ ልጁን አይድርም። ኢኖስ ግን እምቢታውን ያወጣው በሙያው ነው፤ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የማይዛመድ ድንጋይ አንድ ግድግዳ ላይ ከደረደርክ በመጀመሪያው ውርጭ ይሰነጠቃል። ድንጋይህ ከድንጋያችን ጋር ባንድ ቀን የተወለደ መሆኑን አሳየኝ። ያን ቀን እህቴን በክንዴ ይዤ ቤተ ክርስቲያን አስገባታለሁ።»

«ካላሳየሁህስ?»

«መርከቡ የመመለሻም ትኬት ይሸጣል።»

ቲርዛ ይኼን ስትሰማ ሳቀች። ግን ያለ ኢኖስ ክንድ የቤተ ክርስቲያኑን በር እንደማትገባ ታውቃለች። ኢኖስም ያውቃል።

በፖርትላንድ ድንጋዩ እንደ ኬክ ንብርብር ነው። ሊቃውንቱ የጁራሲክ ዘመን ባሕር ያነጠፈው ነው ይላሉ፤ ቆራጮቹ ግን እያንዳንዱን ንብር እንደ ጎረቤት በስሙ ይጠሩታል። ከሁሉ የሚኮሩት ሮች በሚሉት ነው። ሮች እንደ ብሎን የተጠማዘዘ የቀንድ አውጣ ቅርጽ የሞላበት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው። ሮች የሌለው አገር ለእነሱ ዘር የሌለው አገር ነው።

ጄቤዝ መጀመሪያ ከገደሉ የቆረጠውን ድንጋይ አመጣ። ኢኖስ ገለባብጦ አየው።

«ብሎኑ የታለ?»

«የለውም።»

«በል ወንበር አድርገው።»

ሁለተኛ ጊዜ የሠረገላ ጎማ የሚያህል፣ እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠቀለለ የባሕር እንስሳ ቅሪት በሕፃን ጋሪ እየገፋ ከመርከብ ወረደ። ሴቶቹ ሕፃኑን ሊያዩ ተሰበሰቡና ጮኸው ተበተኑ። እንዲህ ያለው በፖርትላንድም ይገኛል። ኢኖስ ግን በቀላሉ አልተረታም። «ጎማ ይንከባለላል። ከየትኛው ንብር እንደተንከባለለ በምን አውቃለሁ?»

ሦስተኛው ነገር ከመምጣቱ በፊት አንድ ጉዳይ መታወቅ አለበት። በፖርትላንድ ስሙ የማይጠራ እንስሳ አለ። እዚህም አይጠራም፤ ለጊዜው። ትንሽ ነው። ጆሮው ረጅም፣ ጅራቱ እንደ ጥጥ ድብልብል፤ ጎመን ይሰርቃል፣ ጉድጓድ ይምሳል። እሱ የማሰው ቦታ ይላላና ቋጥኝ ይናዳል። የቲርዛን አባት የገደለው ናዳም በእሱ ይሳበባል። ስሙ በድንጋይ መቁረጫው ቦታ ከተጠራ ሰው ሁሉ መዶሻውን ጥሎ እስከ ነገ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስንት አለቃ ተቀያየረ፤ ልማዱ አልተቀየረም።

ቲርዛ ጄቤዝን አስጠንቅቃዋለች። «ከፈለግክ ንግሥቲቱን ስደብ። እሱን እንዳትጠራ!»

አንድ የሥራ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቆራጮቹ ከገደሉ ሥር ተቀምጠው ሲበሉ፣ ጄቤዝ ከቲርዛ መኪና ወርዶ የትምባሆ ቆርቆሮ ከፈተ። ውስጡ ጥቁር አፈር ነበር፤ አፈሩ ውስጥ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ስባሪ።

«አፈር የሌለው አገር አለ?» አለ ኢኖስ።

«አማቼ፣ ይኼ የላዩ አፈር አይደለም። ከድንጋዩ መሀል ነው። ከላዩ ስስ ስስ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቆብ የምንለው ደረቅ ድንጋይ።»

«ገና አማችህ አልሆንኩም። ከድንጋይ መሀል እንዴት አወጣኸው? ቆፈርክ?»

«እኔ አልቆፈርኩም።»

«ታዲያ ማን ቆፈረልህ?»

ጄቤዝ አፉን ከፈተ። ቲርዛ በመኪናው መስኮት የዳቦ ቢላዋ ነቀነቀችበት። ዘጋው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ቀስ አድርጎ አናቱ ላይ እንደ ጆሮ ቀጥ አድርጎ አቆመ።

ያንዱ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። ሌላው ፊቱን አዙሮ መዶሻውን ጨበጠ።

«እሱ» አለ ጄቤዝ። «በእኛ ገደል ሌላውን ሁሉ ትቶ ጥቁሯን ብቻ ነው የሚምሳት። ለስላሳ ናታ! ባንድ መስመር፣ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ዓይን እስከሚደርስበት።»

ኢኖስ ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን ገደል አየ። እዚያም ከስሱ ድንጋይ ሥር ጥቁር መስመር ነበረች፤ በመስመሯ ላይ ጨለማ ጨለማ አፎች ተደርድረዋል። ይኼን ለባዳ የነገረ ደሴተኛ የለም፤ ሳይጠሩት መንገር አይቻልማ።

«ከቆቡ ሥርስ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«የእኔ ድንጋይ። ልክ ያንተ ሮች ባለበት። የደቀቀ ዛጎል ብቻ ነው፤ አልዋሽህም።»

«እንግዲያ ዘመድ አይደለማ!»

ቲርዛ ከመኪናው ዘለለች። «አንተ ሰው! ባሕሩ አንድ ነበር። እኛ ደጅ የቀንድ አውጣ ሠርግ ነበር፤ እነሱ ጋ አልተጠሩም። ቀኑ ግን ያው ቀን ነው! ከዚያ ባሕሩ ሸሸ፣ አፈር መጣ፣ ዛፍ በቀለ፤ እዚህም እዚያም። ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው ሲባል አልሰማህም? እኔና አንተስ በምን እንመሳሰላለን?»

«በአፍንጫ!» ጮኸ አንዱ።

ሁሉም ሳቀ። ኢኖስም ሊስቅ ነበር፤ ግን የመጨረሻ ምሽጉ ትዝ አለው። «ስሙ ያልተጠራ ምስክር ምስክር አይባልም። ይጥራውና እንመን!»

ወጥመዱ ለሁሉም ገባቸው። ጄቤዝ ከጠራው፣ በገደሉ ሥር የጠራ ባዳ ነውና በድንጋይ እየተባረረ መርከብ ይሳፈራል። ካልጠራው ምስክር የለውም። ጄቤዝ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

ቲርዛ ወንድሟን አየች። ገደሉን አየች። ያ ቃል በዕድሜዋ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። 

«ጥንቸል!» አለች።

ገደሉ መለሰላት። ደስ አላት።

«ጥንቸል! ጥንቸል! ከነሚስቱ! ከነልጆቹ!»

መዶሻ በመዶሻ ላይ ወደቀ። አለቃው ከዳስ ወጥቶ «ቁሙ! ወዴት ነው?» ቢል የሚሰማው አላገኘም። ሁሉም ኮቱን እያነሣ ነው። ኢኖስ ከሁሉ ኋላ ቀረ። ዕቃውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና እንደገና ቀና አለ። ቋጥኝ አልተናደም። ቁንጥር የማትሞላ ጥቁር አፈር ብቻ ትከሻው ላይ ጠብ አለች። አራገፋት፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ከቆርቆሮው አፈር ጋር አስተያየው። አንድ ዓይነት ነበር።

ከዚያ ክንዱን ለእህቱ ዘረጋ። «መቼስ ዛሬ ሥራ የለም። ቄሱ ቤት ይኖሩ ይሆን?»

የዳቦ መኪናው የቻለውን ያህል ቆራጭ ጭኖ ሄደ፤ የቀረው እየሮጠ ተከተለ። ቄሱ በሩን ከፍተው ይኼን ሁሉ አቧራ የለበሰ ሰው ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው፣ በሥራ ቀን? ምን ሆናችሁ?»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።  ጄቤዝ ሁለት እጆቹን ቀስ አድርጎ ወደ አናቱ ማንሣት ሲጀምር ኢኖስ በጥፊ መልሶ አወረደለት።

«እረፍ አንተ! አሁንማ የእኛ ሰው ነህ።»