ሦስት ደቂቃ ከነአስተርጓሚው

እናቴ ሰው የምታየው በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፤ ሰሜን ለንደን በሚገኘው የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው ምክር ቤት፣ የአረጋውያን መዋያ። አማርኛ የሚያወሩ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እዚያ ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት አድርሻት እሄዳለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እወስዳታለሁ። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ጉልበቷም አልታዘዝ ብሏታል። መዋያው ከተዘጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ከግድግዳ ጋር ተፋጣ መዋሏ ነው።

ሊዘጉት ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ውሳኔው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ላይ ይሰጣል ይላል። እኔ ቂሏ ደስ አለኝ! እኔ ባደግኩበት ዘመን ስብሰባ ማለት ቀበሌ ሄዶ አጨብጭቦ መመለስ ነበር። እዚህ ግን ሕግ አለ፤ በሩን አይዘጉብሽም፣ አጀንዳውን ቀድመው ያሳዩሻል፣ ከፈለግሽ በስልክሽ መቅረጽም ትችያለሽ። ጉዱ መናገር ያማረሽ ቀን ነው። አንድ ተናጋሪ ብቻ፣ ቀድሞ ሬጅስተር ያደረገ፣ ሦስት ደቂቃ። ለአስተርጓሚ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣል ወይ ብዬ ደወልኩ። “ይቅርታ፣ አይሰጥም” አለችኝ ጸሐፊዋ። ይቅርታማ መች አልቆባቸው ያውቃል!

አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ማን እንደሚመላለስበት፣ ቢዘጋ ማን ቤት እንደሚቀር፣ በምትኩ ሂዱ የተባልንበት መዋያ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስቀይር፣ ሁሉንም አስገባሁበት። መታጠቢያ ቤት ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነበው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ተናጋሪ ለመምረጥ መዋያው ስንሰበሰብ ግን አንዷ እናት፣ “ኧረ ትልቅ ሰው እያለ!” አሉ። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ድሮ አገር ቤት የአውራጃ ዳኛ የነበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እምቢ ማለት እችል ነበር። ይሉኝታዬ ይዞኝ፣ “እንዴታ! ጋሼ እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ” አልኩ። የሳቸው ስም ተመዘገበ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

“ጋሼ፣ ጊዜው ትንሽ ነው፤ ሰላምታውን ይለፉትና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይግቡ” ብዬ ለመንኳቸው።

“ሰው ቤት ገብተሽ እንደምን ዋላችሁ ሳትዪ ጉዳይ ትጀምሪያለሽ?” አሉኝ።

የስብሰባው ዕለት ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ስማቸው ተጠራ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ክቡር ሊቀ መንበር፣ ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሁሉ አስቀድሜ አገር አጥተን በመጣን ጊዜ እጇን ዘርግታ ለተቀበለችን አገር…”

ተረጎምኩ። ካውንስሉን አመሰገኑ። ተረጎምኩ። ለንጉሡ ረጅም ዕድሜ ተመኙ፤ ከኋላ የተቀመጡት የኛ ሰዎች “አሜን” አሉ። ኮታቸውን ጎተት አደረግኩ። “ቆይ፣ ልጄ” አሉና መዋያው ውስጥ ሻይ የምታፈላውን ልጅ ሳይቀር መረቁ። ገጼ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማይኩ እኔ አፍ ላይ ነበር። የሳቸውን ትቼ የራሴን ባነብ ማን ይይዘኝ ነበር? ግን ጋሼ አይናገሩት እንጂ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። በሰው ፊት ቃላቸውን ብነጥቃቸው ሰው ምን ይለኛል አልኩ። እናቴን ሳይሆን ሰውን አሰብኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

“እንግዲህ ወደ ጉዳያችን ስንመጣ…” አሉ ጋሼ። ደወሉ ጮኸ።

ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ፣ “ስለ መልካም ቃልዎ እናመሰግናለን” አለ። ጥያቄ ያለው አባል አልነበረም። እጆች ወጡ፣ መዋያው እንዲዘጋ ተወሰነ። ገጼን ባነብም ምናልባት ይዘጉት ነበር፤ የውሳኔ ወረቀታቸው ከነምክንያቱ ቀድሞ ተጽፏል። ምናልባት እያልኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ውጪ ሁሉም “ጋሼ፣ አኮሩን!” እያለ ጨበጣቸው። እኔም “ጥሩ ተናገሩ” አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው!

ከሳምንታት በኋላ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ዌብሳይታቸው ላይ ወጣ። በኛ በኩል የተጻፈችው አንዲት መስመር ናት፤ “አንድ ነዋሪ ካውንስሉን ስለ አገልግሎቱ አመስግነዋል” ትላለች። መዝጋታችሁን ልንቃወም ነው የመጣነው፣ አስተካክሉልን ብዬ ኢሜይል አደረግኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው የተባለውን ብቻ ነው ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል።

ቃለ ጉባኤውን ደግሜ ሳነብ እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስታየኝ ነበር። መዋያው ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“ጋሼ ካውንስሉን አመስግነዋል ይላል፣ እማዬ።”

ፊቷ በራ። “እሰይ! እንዲህ ብለው ከጻፉማ ገብቷቸዋል። የተመሰገነ ሰው ፊቱን አያዞርም።” ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችው። “ታዲያ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምታደርሺኝ?”